የሸሚዝ እጅጌ አቆራረጥና አቆላለፍ

(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ በልብስ ሰፊዎች ስም የተደረገ ንግግር፤ ተሰብሳቢው በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ በጠየቀው መሠረት ተጽፎ የቀረበ)



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት ተነሥተው «እናንተ ሰፊዎች፣ ይህን ሸሚዝ የምትሰፉት ለደብረ ብርሃን ነው ወይስ ለሸዋ ሮቢት?» ብለው ጠይቀውን እንደነበር ይታወሳል። ያን ዕለት ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ልጃቸው የሸሚዙን እጅጌ ከክርኑ በላይ ሊሰበስበው ቢታገል አልወጣ ስላለው በመቀስ ቆርጦ ጥሎታል። ሸሚዙ አዲስ ነው፤ የሰፋነውም እኛው ነን። ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ዳር በረንዳ ላይ መኪናችንን ዘርግተን የምንውለው ሰፊዎች ተሰብስበን ተነጋገርንበት። ጥፋቱን ከልጁ ላይ ለመጫን ብዙ ሞከርን፤ አልሆነልንም። ዛሬ የቆምነው ያንን ለማመንና ከእንግዲህ እንዴት እንደምንሰፋ ለማሳወቅ ነው።

በቅድሚያ ስለ ስሙ እንግባባ። በእጅ አንጓ ላይ የሚዘጋውን ድርብ ጨርቅ «የእጅጌ ጫፍ» እንለዋለን። ከእሱ በላይ ወደ ክርን የሚወጣውን ክፍት ደግሞ «ስንጥቅ» እንለዋለን። ሰው ሸሚዝ ሲገዛ ኮሌታውን ያያል፣ ኪሱን ያያል፣ ቁልፉን ይቆጥራል። ስንጥቁን የሚያይ የለም። እኛም የምናሳጥረው ለዚህ ነው።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ ተነሥቶ በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ሲናን አልፎ ወደኛ የሚወርድ መንገደኛ ልብሱን በየመንገዱ እያወለቀ ነው የሚደርስ። እዚያ እጅጌ ጠዋት ከተቆለፈ ማታ ይፈታል። እዚህ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ነው የሚሰበሰብ? ፊት ሲታጠቡ፣ ምሳ ሲቀርብ፣ የሽንኩርት መደብ ውኃ ሲያጠጡ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ እንዲያው ሙቀቱ ሲበረታ። ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሰው ደግሞ በቀን እስከ 5 ጊዜ ክንዱን እስከ ክርኑ፣ ክርኑንም ጨምሮ፣ ማጠብ አለበት። እጅጌው አልወጣ ካለው ጫፉ ይበሰብሳል፤ እርጥብ ጨርቅ በእጁ ላይ ተጣብቆ ይውላል።

በዚህ ላይ ስንነጋገር አንድ ባልደረባችን ያስታወሰን ነገር አለ። በሐዲስ ሙጊራ ቢን ሹዕባ እንዳስተላለፉት፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በጉዞ ላይ ሳሉ እጅጌው የጠበበ የሻም ጁባ ለብሰው ነበር። ለውዱእ እጅጌውን መሰብሰብ ስላልተቻለ ክንዳቸውን ከጁባው ሥር አውጥተው ታጠቡ። የእጅጌ መጥበብ ሰውን ማስቸገር የጀመረው በእኛ መቀስ አለመሆኑን ስንሰማ ትንሽ ቀለለን። በአገራችንም ቢሆን የቀድሞ ሰዎች «እጀ ጠባብ» የሚሉት ልብስ ስሙ ራሱ ይናገራል። እጀ ጠባብ ግን የክብር ልብስ ነው፤ ሽንኩርት የሚኮተኮትበት አይደለም።

እንግዲህ የእኛን ጥፋት እንናገር። ደንበኛው ስንጥቅ የሚቀደደው ከእጅጌው ስፌት ላይ አይደለም፤ በእጅጌው የኋላ ፊት፣ በትንሿ ጣት ትይዩ ነው። ጨርቁ ይሰነጠቃል፣ ሁለቱ ጠርዞች በቁራጭ ጨርቅ ይለበጣሉ፣ አናቱ ተደርቦ በመርፌ ይጠበቃል። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ለሁለቱ እጅጌ ሲሆን ከኮሌታ አያንስም። እኛ ምን አደረግን? የእጅጌውን የታች ስፌት ስንዘጋ መጨረሻ ላይ ሦስት ጣት ያህል ሳንሰፋ እንተወውና «ይኸው ስንጥቅ» እንላለን። ጨርቅም ጊዜም ይተርፋል። ነገር ግን ሦስት ጣት ክፍት ክንድ አያሳልፍም። በዚያ ላይ ቁልፉ ከአንጓ በታች ስለሚወድቅ ሰውየው ሲጽፍ ጠረጴዛ ይፍቃል፣ ሲሠራ በየነገሩ ይያዛል፣ በሳምንቱ ይበጠሳል። ቁልፉ ሲበጠስ «ክሩ ደካማ ነው» እያልን በክሩ እናመካኝ ነበር።

የተማርነው፣ ቢያሳፍርም፣ ከሰልባጅ ነው። አንድ ያረጀ የሰልባጅ ሸሚዝ ገዝተን በምላጭ ፈታነው። ስንጥቁ ሲለካ 14 ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ ወደ ሁለት ጋት መሆኑ ነው። እጅጌው ወደ ላይ ሲጠቀለል ስንጥቁ ይከፈትና የእጅጌው ጫፍ ወፍራሙን የክንድ ሥጋ ያለ ትግል ያልፋል። በስንጥቁ መካከል አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ብዙዎቻችሁ ይህቺን ቁልፍ «ምን ታደርጋለች?» እያላችሁ ነቅላችሁ ለኮሌታ ታደርጓታላችሁ። የተቀመጠችው ስንጥቁ ረጅም ሲሆን እንዳይበረገድ ነው። እሷ ከሌለች ክንድ በስንጥቁ ይታያል፤ ማታ ደግሞ ትንኝ ይገባበታል።

የትንኝ ነገር ከተነሣ ዘንድ ጥቂት እንቆይበት። የኛ ቆላ የወባ አገር ነው። በአገር ደረጃም በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ወባ እንደገና በርትታ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክፉው ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው። የወባ ትንኝ በአብዛኛው ከመሸ በኋላና ሌሊት ነው የምትነክስ። በዚያ ሰዓት ደግሞ እኛ በደጅ ተቀምጠን ነፋስ የምንቀበልበት ጊዜ ነው። እጅጌው የተቆረጠ ልጅ ምን ይዘጋል? ቁልፉ የተበጠሰበትስ? ለዚህ ነው ቀን የሚከፈት ማታ የሚዘጋ እጅጌ የምንለው። ሐሰት እንዳይሆንብን ግን አንድ ነገር እንጨምር፦ የወባ ትንኝ ሰው ተቀምጦ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት አጠገብ፣ እግርና ቁርጭምጭሚት ላይ ነው የምትነክሰው። ስለዚህ እጅጌ ዘግቶ በባዶ እግር መቀመጥ ግማሽ ሥራ ነው። አጎበርን የሚተካ ሸሚዝም እኛ አንሰፋም።

ወደ አቆላለፉ እንመለስ። የእጅጌ ጫፍ ልክ የሚወሰደው በአንጓ ዙሪያ ነው። አንጓው 17 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 24 ያህል አድርገን እንቆርጣለን፤ 2 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ተደራቢ ሆኖ ለቁልፍ ይሄዳል፣ የቀረው ለመተንፈሻ ነው። ሰዓት የሚያስር ሰው በግራ በኩል 1 ሳንቲ ሜትር ይጨመርለታል። (ዛሬ ወጣቱ ሰዓት የሚያየው ከስልኩ ነው፤ ቢሆንም ሽማግሌዎቻችን አሁንም ያስራሉ።) ወርዱ 6 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። በውስጡ የሚገባው ማጠንከሪያ ጨርቅ ነው የሚያጣላን። ከከተማ የሚመጣው በካውያ ሙቀት የሚጣበቀው ዓይነት በሁለተኛው እጥበት ያኮርፋል፣ በላብም አንጓ ይልጣል። ከዚያው ከሸሚዙ ጨርቅ አንድ ንብር ማስገባት ይሻላል። እንዲህ የተሰፋ የእጅጌ ጫፍ ጠርዙ ሲያልቅ ኮሌታ እንደሚገለበጠው ሁሉ ይገለበጣል፤ ሸሚዙም ሌላ ዕድሜ ያገኛል።

ቁልፉ አንድ ሳይሆን ጎን ለጎን ሁለት ይሁን፤ መካከላቸው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል። አንዱ ለቀን፣ ላላ ብሎ፤ ሌላው ለማታ፣ ጠበቅ ብሎ። የቁልፉ ቀዳዳ በእጅጌው ጫፍ ላይ አግድም፣ በአንጓው ዙሪያ አቅጣጫ ነው የሚቀደደው፤ ኃይሉ የሚጎትተው ወደዚያ ስለሆነ ቁልፉ ከቀዳዳው ጫፍ ላይ ይቀመጣል እንጂ አያመልጥም። በስንጥቁ ላይ ያለችው የትንሿ ቁልፍ ቀዳዳ ግን በስንጥቁ ርዝመት ትቀደዳለች። ቀዳዳውን በእጅ መርፌ ነው የምንጠልፈው፤ የእግር መኪኖቻችን ቀጥ ብለው ከመሄድ በቀር ሌላ አያውቁም። ቁልፉን ስንተክል ከጨርቁ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ክሩን እንጠመጥምለታለን፤ አንገት ይኖረዋል። አንገት የሌለው ቁልፍ ድርብ ጨርቅ አይችልም፣ ይሸበሸባል።

ሌላ አቆላለፍ ቢኖርስ ብላችሁ የምትጠይቁ አላችሁ። ላስቲክ ለሕፃን ጥሩ ነው፤ ለትልቅ ሰው ግን ላብ ሲያገኘው ምልክት ያወጣል፣ ሲሰበሰብም ክንድ ያስራል፣ በኛ ፀሐይ ደግሞ ቶሎ ይለቅቃል። ተጭነው «ጠቅ» የሚያደርጉት የብረት ቁልፍ ፈጣን ነው፤ ጨርቁ ስስ ከሆነ ግን ይዞት ይወጣል። ለካኪ እንጂ ለስስ ጨርቅ አንመክረውም። ሲላቀቅ «ቸርር» የሚለውን ተጣባቂ የፈለሰፈው ጆርጅ ዴ ሜስትራል የሚባል የስዊዝ ሰው ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ከአደን ሲመለስ በልብሱና በውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀውን የዱር ፍሬ መርምሮ ነው ያገኘው። እኛ ስንት ዘመን ጭጎጎት ከጋቢያችን ስንለቅም ኖረን አንድ ነገር ሳናወጣበት ቀረን! ዳሩ ግን ለእርሻ ሥራ አይሆንም፤ የሽንኩርት ልጣጭና ገለባ ይሞላዋል፣ ከዚያ አይይዝም። ሙሽሮች የሚያደርጉትን የሚያብረቀርቅ ጥንድ ቁልፍ በተመለከተ የምንለው የለንም፤ አንደኛው ሁልጊዜ ሠርጉ ሳያልቅ ይጠፋል።

በመስኖ የምታለሙ ወንድሞች ይህንን ልብ በሉ። መድኃኒት ስትረጩ እጅጌ መውረድና መቆለፍ አለበት፤ ሙቀቱን እናውቀዋለን፣ ቢሆንም። ጓንት ሲደረግ ጥያቄው እጅጌው ከውስጥ ይሁን ከውጭ የሚለው ነው። እንደ ሽንኩርት ወዳጠረ ሰብል፣ እጃችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ ስትረጩ፣ እጅጌው ከጓንቱ ላይ ይውረድ፤ ጠብታው በእጅጌው ላይ ወርዶ ወደ ጓንቱ እንዳይገባ። እንደ ፍራፍሬ ዛፍ ሽቅብ ስትረጩ ግን ጓንቱ ከእጅጌው ላይ ይውጣ፤ ያኔ ፈሳሹ ወደ ክርን ነው የሚሮጠው። የመጀመሪያው ላላ ያለ፣ የሁለተኛው ጠበብ ያለ የእጅጌ ጫፍ ይፈልጋል። ሁለት ቁልፍ ያልነው እዚህም ይጠቅማል። ያ ሸሚዝ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አንድ ላይ አይታጠብ።

በወፍጮ ቤትና በውኃ መሳቢያ ሞተር አጠገብ ለምትሠሩ ግን ምክራችን የተለየ ነው። ካልተቆለፈ እጅጌ የከፋ ነገር የለም። ከመካከላችን የአንዱ ወንድም የተንጠለጠለ እጅጌው በቺንጋ ተይዞ፣ ቁልፉ ሳይሆን ሙሉ እጅጌው ከትከሻው ተገንጥሎ ነው የተረፈው። ስፌቱ የእኛ ስለነበር «ደካማ ስፌት ሰው አዳነ» እያልን እንቀልዳለን፤ ቀልዱ ግን አይጥመንም። ለእናንተ አጭር እጅጌ እንስፋ። ረጅም ከሆነም ወደ ውስጥ ታጥፎ ከክርን በላይ ጠብቆ ይጠቅለል።

የተማሪ ዩኒፎርምን በሚመለከት፦ የእጅጌ ጫፍ ያለው ሸሚዝ እንደ ሱሪ ታጥፎ አይለቀቅም፣ ስለዚህ ልጅ ባደገ ቁጥር እጅጌው ወደ ክርን ይሸሻል። ከእንግዲህ ከእጅጌው ጫፍ በላይ በውስጥ በኩል 3 ሳንቲ ሜትር ያህል እጥፋት በሰፋፊ ስፌት እንተዋለን። በዓመቱ ያንን ክር መዝዛችሁ ታወርዱታላችሁ፤ ለዚህ ወደ እኛ መምጣትም አያስፈልግ።

ለአዲስ ሸሚዝ የሚሆነውን ጨርቅ፣ ጥጥ ከሆነ፣ ሳትነክሩ አታምጡ። አንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ይደርና ይድረቅ፤ ካልሆነ የእጅጌው ልክ የሚጠፋው በመጀመሪያው እጥበት ነው፣ እናንተም በእኛ ታሳብባላችሁ።

ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የሰፋንላችሁ፣ ስንጥቁ ሦስት ጣት የሆነ ሸሚዝ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የታችኛውን ክፍት ዘግተን በቦታው ደንበኛ ስንጥቅ እንከፍትላችኋለን፤ ለሥራው ዋጋ አንጠይቅም። የሸሚዙ ቁራጭ ጨርቅ በቤት ካላችሁ አብራችሁ አምጡ፣ ከሌለ በተቀራራቢ ቀለም እንለብጠዋለን፣ ውስጥ ስለሚውል ብዙ አይታይም። የእኒያ እናት ልጅ ሸሚዝ ቀድሞ ተሠርቷል፤ የተቆረጠው እጅጌ ስላልተገኘ ሁለቱንም በአዲስ ጨርቅ ቀጥለነዋል። ቀለሙ ትንሽ ይለያል፤ ልጁ ግን ለብሶት ሲሄድ አይተነዋል።