የደከመ ሞተር ይጠገን ወይስ ይሸጥ?

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን የመኪና ይሁን እንጂ ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በየአጥሩ ሥር ሸራ ለብሰው ከቆሙት አሮጌ ኮሮላዎችና ላዳዎች ውስጥ የሁለት ቤተሰብ ጉሮሮ የሚዘጋባቸው አሉ። ባለቤቱ ደግሞ “ልጠግናት ወይስ ልገላገላት?” እያለ እንቅልፍ ያጣል።

ከሁሉ በፊት በሽታው ይታወቅ። “ሞተሩ ይውረድ” ከመባሉ በፊት ጭሱን ተመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያሳያል። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ነው የሚናገረው፤ ይሄ ብዙውን ጊዜ ሞተር አያስወርድም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ የሚበዛና የራዲያተሩ ውሃ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

ቀጥሎ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት በመሣሪያ ይለካ። ግፊቱ ዝቅ ባለበት ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ግፊቱ ከፍ ካለ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ካልተነሣ ግን ችግሩ ከቫልቮላ ወይም ከጓርኒሲዮን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለምርመራ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጫችሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ መኪናዋ እንደቆመች 400,000 ብር ታወጣለች፤ ከተጠገነች 600,000 ታወጣለች እንበል። ጥገናው 150,000 ከሆነ ብትሸጧትም 50,000 ይተርፋችኋል። 250,000 ከሆነ ግን ለመሸጥ ብላችሁ አትጠግኑ፤ እንዳለች ሽጧት።

የምትይዟት ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። 400,000ና 250,000 ተደምሮ 650,000 ይሆናል። በዚህ ብር ከዚህች የተሻለች መኪና ይገኛል ወይ? የምትገዟት መኪና ሞተርስ ነገ ምን እንደሚል ማን ያውቃል? የራሳችሁን ግን ታውቋታላችሁ። በሌላው አገር “ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ከበለጠ ተወው” ይባላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በተከለከለበት አገራችን ግን ይህን ደንብ እንዳለ መቀበል አያዋጣም።

ሞተሩ ቢታደስም ሻንሲው በዝገት የተበላ፣ ካምቢዮው የሚንኳኳ ከሆነ አዲስ ልብ በሞተ ገላ ላይ መትከል ነው። እንግዲህ መላ አካሏ ይታይ። ደግሞም “እስካሁን ይህን ያህል አውጥቼባት!” የሚል ቁጭት ሒሳብ ውስጥ አይግባ። በባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።

ለመጠገን የወሰነ ሰው የሚከተለውን አይርሳ፦

አንደኛ፣ የእጅ፣ የቶርኖና የመለዋወጫው ዋጋ ተለይቶ በጽሑፍ ይሰጠው። ሁለት ጋራዥ ጠይቆ ያነጻጽር።

ሁለተኛ፣ ሞተር ተፈትቶ ያልታሰበ ጉዳት ሲገኝ ባለቤቱ ሳይነገረው ሥራው እንዳይቀጥል አስቀድሞ ይስማማ።

ሦስተኛ፣ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ይረከብ።

አራተኛ፣ ከሶማሌ ተራም ይሁን ከሌላ ቦታ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ሕጋዊ ሰነዱን ይያዝ። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ጣጣው ብዙ ነው።

በመጨረሻም፣ ለዕቁብ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ወይም ለመድኃኒት የተቀመጠ ገንዘብ ለሞተር አይነካ። መኪናዋ ሸራዋን ለብሳ ጥቂት ወር ብትቆይ ባትሪዋ ይደክማል እንጂ ቤት አይፈርስም። ቤተሰብ ተቀምጦ፣ ሒሳቡ በወረቀት ተጽፎ ይወሰን።