ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣

ስለ እናታችን ስለ ክብር ዶክተር አበበች ጎበና ጥቂት እንድንናገር ፍቀዱልን። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ቢሄዱ ረሃብ ሕዝቡን ሲፈጅ ደረሱ። የሞተች እናት ጡት የሚጠባ ሕፃን አዩ፤ አይቶ ማለፍ አልሆነላቸውም። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸውና ዘመድ ከቤታቸውና ከልጆቹ አንዱን ምረጪ ቢሏቸው ልጆቹን መረጡ። እንጀራ ጋግረው፣ ቆሎ ቆልተው እየሸጡ አሳደጓቸው። ኋላም ድርጅታቸው ለብዙ ሺህ ልጆች ተረፈ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ዐረፉ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ሬሳ በክብር መቅበር እናውቅበታለን፤ ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ እናስተዛዝናለን። ሠልስት አልፎ ድንኳኑ ሲነሣ ግን የሟች ልጆች በማን እጅ ቀሩ ብለን ጠይቀን እናውቃለን ወይ? አናውቅም። ስለዚህ አባል በሞተ ቁጥር ጸሐፊያችን ከቀብሩ ወጪ ጎን የልጆቹን ስም ይመዝግብ፤ ወርኃዊ መዋጮ በምንከፍልበት ቀንም እንዴት ሰነበቱ ተብሎ ይጠየቅ እንላለን።

እሳቸው ብቻቸውን 21 ልጅ ከቻሉ፣ እኛ ይህን ያህል ሰው ሆነን አንድ ልጅ አያቅተንም። ነፍሳቸውን ይማርልን።