ዶሮ በኦቾሎኒ፤ የምዕራብ አፍሪቃ ወጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከተማሪዎች አንዱ ያደረገው ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ምግብ ነው። «ምግብማ በየቤታችን እንበላለን፤ ንግግር ምን ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ድስት ወጥ የታሪክንም የጤናንም ትምህርት ይዞ እንደሚገኝ ላስረዳችሁ እወዳለሁ። የመረጥሁትም በሴኔጋልና በማሊ «ማፌ» የሚባለውን፣ በጋና የአካን ሕዝብም «ንካቴንክዋን» የሚለውን የዶሮና የኦቾሎኒ ወጥ ነው። «ንካቴ» ኦቾሎኒ፣ «ንክዋን» ደግሞ ሾርባ ማለት ነው።

ኦቾሎኒ ከባቄላና ከአተር ወገን ሲሆን የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ወደ ምዕራብ አፍሪቃ ያመጡት በ16ኛው መቶ ዓመት ፖርቱጋሎች ናቸው። የአገሩ ገበሬዎችም ዘሩን ከእርሻቸው፣ ፍሬውን ከድስታቸው አዋሕደው የራሳቸው አደረጉት። በእኛም አገር የባቢሌ ኦቾሎኒ የታወቀ ስለሆነ፣ ይህን ወጥ በቤታችን ለመሥራት የሚያስቸግረን ነገር የለም።

ለ6 ሰው የሚበቃ ወጥ ለመሥራት 1 ዶሮ፣ 250 ግራም የተቆላ ኦቾሎኒ፣ 2 ራስ ሽንኩርት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ጥቂት ካሮት፣ ዘይት፣ ጨውና 1 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል። የዶሮው ብልት በዘይት ጠበስ ጠበስ ተደርጎ ይወጣል። በዚያው ዘይት ሽንኩርቱ ይቁላላል፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ድልሁ ይጨመራል። ኦቾሎኒው ቅርፊቱ ታሽቶ ከተነሣለት በኋላ እንደ ቅቤ እስኪለሰልስ ይፈጫል። እንዳይጓጉልም አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ቀጥኖ ይገባል። ከዚያ ዶሮው፣ ቃሪያው፣ ጨውና የቀረው ውሃ ተጨምሮ በዝግተኛ እሳት 45 ደቂቃ ያህል ይበስላል፤ ካሮቱ በመካከል ይገባል። ኦቾሎኒ ከድስቱ ሥር ቶሎ ስለሚያር ማማሰል አይቋረጥም። ዶሮው ለስልሶ ቀይ ዘይት ከላይ ሲንሳፈፍ፣ ወጡ ደረሰ ማለት ነው። በሴኔጋል በሩዝ፣ በጋና ከተቀቀለ ካሳቫ ተወቅጦ በሚሠራ «ፉፉ» ይበላል። ዶሮው ቀርቶ በአትክልት ብቻ ቢሠራ ለጾም ወራት ይስማማል።

አሁን ዋና ወደምለው ነገር ልምጣ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተርኪ የተባሉ ከ100,000 በላይ ትልልቅ የቤት ወፎች በድንገት አለቁ። ምክንያቱ ሲመረመር በመኖአቸው ውስጥ የነበረው የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሻጋታ በሚያወጣው መርዝ የተበከለ ሆኖ ተገኘ። ይህ መርዝ ዛሬ «አፍላቶክሲን» ይባላል፤ የሰውን ጉበት ይጎዳል፤ ለጉበት ካንሰርም ምክንያት ይሆናል። ከሁሉ የሚያስፈራው በቁላትም በማፍላትም ፈጽሞ የማይጠፋ መሆኑ ነው።

ስለዚህ የዚህ ወጥ ሙያ የሚጀምረው ከምድጃው ሳይሆን ከገበያው ነው። የሻገተውን፣ የጠቆረውን፣ የተጨማደደውንና የመረረውን ፍሬ አንግዛ፤ በቤት ብናገኘውም ለቅመን እንጣለው። ለከብትም ለዶሮም አንስጠው። የተረፈውንም በደረቅና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ እናስቀምጥ። እንዲሁም ኦቾሎኒ የማይስማማቸው፣ ጥቂት ቢቀምሱ እንኳ ሕይወታቸው ለአደጋ የሚጋለጥ ሰዎች ስላሉ፣ እንግዳ ስንጋብዝ አስቀድመን እንጠይቅ።

ወላጆች ሆይ፤ ድስቱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ስለ ሻጋታው የተማርነው ግን እኛ ነንና፣ ወንዶች ልጆችም ሴቶች ልጆችም ኦቾሎኒውን ስንለቅም አብራችሁን ተቀመጡ። በትምህርት ቤት የተማርነው ነገር በማዕዳችን ላይ ካልታየ ምን ጥቅም አለው?