ባላጋራ የሌለው ጀግና



ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ስለ ፊልም ድርሰት ነው፤ በተለይም በፊልም ድርሰት ውስጥ ክፉ ሆኖ ስለሚቀርበው ሰው ነው። የቢሮ ሥራውን ፈጽሞ ዐረፍ ላለ ሰው ነገሩ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። እኔን ግን ወደዚህ አሳብ ያመጣኝ ጨዋታ ሳይሆን ኀፍረት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ አነሣሥ አንድ የፊልም ድርሰት ጽፌ ነበር። የታሪኩ ዋና ስፍራ ደብረ ታቦር ስለ ሆነ፥ የአገሩ ሰው ይስማልኝ ብዬ ድርሰቱን ይዤ ወደዚያው ሄድሁ። ከጉና የሚወርደው ብርድ በነጠላ የሚቻል አይደለምና፥ ያበደሩኝን ጋቢ ደርቤ፥ በአንድ አዛውንት ቤት ምድጃ ዳር ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። በዚያ ድርሰት ውስጥ ራስ ዓሊን ያቀረብኋቸው ከጠጅና ከጮማ በቀር ሌላ አሳብ የሌላቸው፥ ያለ ምክንያት የሚቈጡ፥ ጦር መጣ ሲባሉ የሚንቀጠቀጡ አድርጌ ነው። ለእናታቸው ለእቴጌ መነንም ተንኰል ከመጐንጐን በቀር ሌላ ሥራ አልሰጠኋቸውም። አዛውንቱ ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ፥ «ልጄ፥» አሉኝ፤ «እንዲህ ያለውን ሰውማ እኔም በዚህ እርጅናዬ በከዘራ አባርረው ነበር። ታዲያ አባ ታጠቅን ያን ሁሉ ዓመት ምን አደከማቸው?»

የምመልሰው አጣሁ። ካሣን ከፍ አደርጋለሁ ብዬ ባላጋራቸውን ዝቅ ባደረግሁ ቍጥር፥ ካሣም አብረው ዝቅ ብለው ነበር። ይህን ያስተማረኝ ምንም ዓይነት የድርሰት መጽሐፍ አይደለም፤ ፊልም ቤት ገብተው የማያውቁ አንድ ገበሬ ናቸው።

ወደ ታሪኩ ብንመለስ፥ እኔ በድርሰቴ የጣልሁት ነገር ምን ያህል እንደ ነበረ ይታያል። ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን ከተማቸው ካደረጓት ጀምሮ፥ የየጁ መሳፍንት በጎንደር ያለውን ንጉሥ በስም ብቻ አስቀምጠው አገሩን ከዚያች ደጋ ላይ ይገዙ ነበር። ራስ ዓሊ ይህን ሥልጣን የያዙት ገና በልጅነታቸው ነው፤ እናታቸው በሞግዚትነት ይመሩላቸው ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ይህ ልጅ ሥልጣኑን ተዋግቶ አላገኘውም፤ እንዳይቀማ ግን ዕድሜውን ሙሉ መዋጋት አለበት። በሰሜን ደጃዝማች ውቤ፥ በጎጃም እነ ደጃዝማች ጎሹ፥ በቋራ ደግሞ ካሣ ኃይሉ አሉበት። ካሣ ያልነበራቸውን ለማግኘት ሲነሡ፥ ዓሊ የወረሱትን ለማቆየት ይጨነቃሉ። ከዚህ የበለጠ ለድርሰት የሚመች ግጭት ከወዴት ይገኛል?

በ1834 ዓ.ም. በደብረ ታቦር አጠገብ የሆነውን ጦርነት እንኳ ብንወስድ፥ አንድ ደራሲ ከራሱ ፈጥሮ ቢያመጣው «ይህማ አይታመንም» ተብሎ ይመለስበት ነበር። ደጃዝማች ውቤ በዚያው ዓመት ከግብፅ የመጡትን አቡነ ሰላማን ይዘው፥ በጠመንጃም በርትተው ዘመቱ። ድል አደረጉ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ነገር ግን ድል አድራጊው በድንኳናቸው የደስታ ግብዣ ላይ ሳሉ፥ የራስ ዓሊ ዘመድ የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በጥቂት ሰው ደርሰው ማረኳቸው። የሸሸው ባለድል፥ ባለድሉ እስረኛ ሆነ። ከዚህም በኋላ ራስ ዓሊ፥ እኔ በድርሰቴ ደም የተጠሙ ያልኋቸው ሰው፥ ውቤን አልገደሉም፤ ቤዛ አስከፍለው ወደ ግዛታቸው ሰደዷቸው። ይህ ምሕረት ነው ወይስ ድካም? ወይስ አንዱን መስፍን በሌላው ለመግታት የታሰበ ዘዴ? እኔ ለራሴ አልቈረጥሁም፤ አለመቍረጤም ሰውዬው ሕያው መሆናቸውን ያሳየኛል። በሰይጣንነት ብቻ የተሣለ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አያስነሣም።

እቴጌ መነንንም እንዲሁ ነው። ካሣን ለማልመድ ሲባል የልጃቸውን ልጅ ተዋበችን ለካሣ እንዲዳሩ አደረጉ። በመነን አደባባይ የካሣ እናት በኮሶ ሻጭነት ይነሡ ነበር ይባላል፤ ይህ ስድብ ካሣን ምን ያህል እንዳቈሰለ ለማንም ግልጽ ነው። ጋብቻው ግን ልጓም አልሆነም። ካሣ ሸፈቱ፤ በ1839 ዓ.ም. ደግሞ ራሳቸው እቴጌይቱ በካሣ እጅ ወደቁ። ተዋበችም ከአባቷ ይልቅ ለባሏ ታማኝ ሆና እንደ ኖረች ታሪክ ይነግረናል። አያቲቱ ተማርከው ከልጅ ልጃቸው ፊት ቢቆሙ ምን ይሉ ነበር? ይህን ጥያቄ አንሥቼ ባሰብሁ ጊዜ፥ ለእቴጌይቱ ከሰጠኋቸው ተንኰል ሁሉ ይልቅ ያ አንድ ዝምታ የሚከብድ ሆኖ አገኘሁት። በቲያትር መድረክ ክፉው ሰው ወደ ተመልካቹ ዞሮ አሳቡን በንግግር ሊገልጽ ይችላል፤ በፊልም ግን ካሜራው ወደ ፊቱ ተጠግቶ ያልተናገረውን ያነብበታል። ከዐይኑ በስተኋላ ምንም ከሌለ፥ ካሜራውም ምንም አያገኝም።

ካሣ በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን በአይሻል ድል አደረጉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል አድርገው በሁለተኛው ቀን፥ ውቤ ለራሳቸው ንግሥና አስበው አሠሯት በምትባለው በደረስጌ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ኋላም የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ የልዑል ዓለማየሁ እናት እርሷ ናት። አያችሁን አድማጮቼ? ሁለቱም ታላላቅ ባላጋራዎቻቸው አማቾቻቸው ሆኑ። በአገራችን ባላጋራ ከሩቅ የሚመጣ ሰው አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በሰርግም በለቅሶም የምናገኘው ሰው ነው።

በዚህ ስፍራ አንድ ከባድ ነገር ሳላነሣ ለማለፍ አልችልም። ደጃዝማች ውቤ በራስ ዓሊ ላይ ሲዘምቱ ከመሣሪያዎቻቸው አንዱ፥ «ዓሊ በስም እንጂ ክርስቲያን አይደሉም፤ ወደ እስልምና ያደላሉ» የሚል ክስ ነበር። ይህ ክስ በዘመኑ ጦር የሚያስከትል ወሬ ነበር። የዛሬ ደራሲ ያንኑ ክስ አንሥቶ፥ የባላጋራውን ክፋት ከዘሩና ከሃይማኖቱ የመጣ አስመስሎ ቢያሳይ፥ የውቤን ወሬ ዛሬም እየነዛ ነው ማለት ነው። በፊልም ቤቱ ጨለማ ውስጥ ከየጁ የመጣ ወጣት፥ አጠገቡም እስላም ጓደኛው ተቀምጠው ይሆናል። የእኔም ድርሰት፥ ሳልታዘበው፥ በሁለት ስፍራ እንዲህ ያለ ቃል ነበረው። ማንም አላስገደደኝም፤ ባላጋራውን የማስጠላበት ቀላል መንገድ ስለ መሰለኝ ነው የጻፍሁት። ክፋትን ከሰው ምርጫ ማውጣት አድካሚ ነው፤ ከደሙ ማውጣት ግን ምንም አያደክምም።

በፊልሞቻችን የሚታየው ሌላው ልማድ ቀለል ያለ ነው። ጥቍር መነጽርና ውድ መኪና ያለው፥ ውስኪ የሚያዝ ሰው ገና ሲገባ፥ ክፉው እርሱ እንደ ሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ወይም ደግሞ ጉቦ የሚበላ የመሥሪያ ቤት አለቃ ይሆናል፤ በዚህ ላይ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁና ዝም ልበል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት የሼክስፒር «ኦቴሎ» ውስጥ ያለው ያጎ ግን በየትኛውም መሥሪያ ቤት ሊገኝ የሚችል ሰው ነው። ቂሙ የሚጀምረው ከምንድን ነው? ለእርሱ ይገባል ያለው ሹመት ለካሲዮ ስለ ተሰጠ ነው! ፊቱ ቅን፥ አንደበቱ ለስላሳ፥ ሁሉም «ታማኙ ያጎ» የሚለው ሰው ነው። የሹመት ደብዳቤ ለሌላው የደረሰበትን ቀን የሚያስታውስ ሁሉ፥ ያጎን ባይወደው እንኳ ያውቀዋል።

ከአገራችን ፊልሞች በዚህ ረገድ የማደንቀው፥ በ2006 ዓ.ም. ለዓለም የታየውን የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» ነው። የተጠለፈችው ልጅ ሂሩት ጠላፊዋን የምትገድለው ገና በታሪኩ መጀመሪያ ነው። በሌላ ፊልም ቢሆን ክፉው ሞተ፥ ታሪኩም አለቀ ይባል ነበር። በዚህ ግን ትግሉ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ለፍርድ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ያባቶቻቸውን ልማድ የሚጠብቁ፥ ልክ ነን ብለው በቅንነት የሚያምኑ ናቸው። ከእነርሱ ጋር መከራከር ጠላፊውን ከመግደል ይከብዳል።

አዛውንቱ ግን በአንድ ጥያቄ አልለቀቁኝም። ሁለተኛውን ያነሡት ወደ ጋፋት የሚወስደውን መንገድ እያሳዩኝ ሳለ ነው። ጋፋት፥ እንደምታውቁት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለእጆችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩባት ስፍራ ናት። 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል የተሠራው በዚያ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሊያጓጕዙት ሲነሡ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጠሏት፤ ጎንደርንም ባለፈው ዓመት አቃጥለዋት ነበር። መድፉን እየጐተቱ፥ መንገድም እየጠረጉ፥ ስድስት ወር ያህል ተጓዙ። በሚያዝያ 6 ቀን በመቅደላ ሞቱ። አገር አንድ ለማድረግ የተነሡት ሰው፥ በመጨረሻ ከራሳቸው በቀር የሚመጥናቸው ባላጋራ አልነበራቸውም።

«ይህንንም ጽፈኸዋል?» አሉኝ አዛውንቱ።

«አይ አባቴ፥ የእኔ ታሪክ የሚያልቀው በዘውዱ ቀን ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያው ቤቱ የተቃጠለበትን የደብረ ታቦር ሰው የት አስቀመጥኸው? እርሱ ቢጽፈው ኖሮ ክፉው ማን ይሆን ነበር?»

ድርሰቱን ቀድጄ እንደ ገና ጀምሬዋለሁ። አሁን የሚከፈተው በ1834 ዓ.ም. በዚያ ጦርነት ማግስት ነው፤ ውቤ ታስረው በራስ ዓሊ ፊት ቆመዋል፤ መኳንንቱ «ይገደሉ» እያሉ ነው፤ ወጣቱ ራስ ግን ዝም ብለዋል። ከዚያ ዝምታ በኋላ ምን እንደሚናገሩ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። ሲሳካልኝ ወደዚያው ምድጃ ዳር ይዤው እሄዳለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን የራሴን ጋቢ ይዤ ነው።