የሒጃብ ጥያቄያችንና የእኛው በር

(ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በ2017 በአክሱም የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃባችሁን ካላወለቃችሁ ትምህርት ቤት አትገቡም ተባሉ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት 159 ተማሪዎች ለአገር አቀፉ ፈተና ሳይመዘገቡ መቅረታቸውን አሳወቀ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ጥር ላይም ሕዝበ ሙስሊሙ መቀሌ ላይ ሰልፍ ወጣ። ይህ የነጃሺ አገር ነው። ከመካ ተሰደው ከተጠለሉበት ሶሓቦች መካከል የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ሩቀያ ነበረች። በዚሁ አገር ሙስሊም ልጅ ደብተሯን ታቅፋ ከበር ስትመለስ ማየት ያማል።

መቃወማችን ትክክል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ሃይማኖትን በግልም በጋራም የመግለጽ መብት ይሰጣል። ያው አንቀጽ ታዲያ የማንንም የእምነት ነፃነት በማስገደድ መገደብን ይከለክላል። የፊተኛውን መፈክር አድርገን ይዘነዋል፤ የኋለኛውን ግን ወደ ራሳችን አዙረን አናነበውም።

የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ታናሽ ወንድሟን ልትወስድ መድረሳችን በር ላይ ቆመች። የደንብ ልብስ ለብሳለች፤ ፀጉሯ አልተሸፈነም። እኔም በተማሪዎቼ ፊት «እንዲህ ሆነሽ ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጪ!» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሄደች። ወንድሟን ያመጣሁት ትዝ አላላትም።

በማግስቱ እናቷ መጡ። አልጮኹም። «ኡስታዝ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አውልቂ ብሏት ሒጃቧን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ነው የዋለችው። እየሮጠች ስትመጣ መልበሱን ረሳችው። እዚያ በር ላይ አውልቂ ተባለች፣ እዚህ በር ላይ እርስዎ ለምን አወለቅሽ አሏት። ልጄ የት ትቁም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንዳትሳሳቱብኝ፤ በሒጃብ ፈርድነት ላይ አልከራከርም። ሳስተምረው ኖሬአለሁ፣ ኢንሻአላህ አስተምራለሁ። ማስተማር ሌላ፣ በር ላይ ቆሞ ማዋረድ ሌላ። ልጅቱ ባትረሳውና ሆን ብላ ባትለብሰው ኖሮስ ያን ቃል ልናገራት ይገባኝ ነበር? አይገባኝም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2004 በሕግ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሒጃብን አስወለቀች፤ ኢራን ደግሞ በሕግ ታስለብሳለች፣ በ2022 ማህሳ አሚኒ የተባለች የ22 ዓመት ወጣት በአለባበሷ ተይዛ ሕይወቷ አለፈ። በሁለቱም አገር ልጅቱን የጠየቃት የለም። ደግሞስ በሱረቱ አን‑ኑር ዓይንን የመስበር ትእዛዝ መጀመሪያ የመጣው ለወንዶች አይደለም ወይ? በዚህ በእኛ ሰፈር ስለ ወንድ ዓይን የተደረገ ኹጥባ ስንት ጊዜ ሰማችሁ?

ልጅቱ ቤት ሄጄ በወላጆቿ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። «እሺ» ብቻ አለችኝ። ወንድሟ አሁንም ይማራል፤ እሷ ግን ከመንገዱ ማዶ ሱቁ ጋ ቆማ ነው የምትጠብቀው።

ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የምናስገባውን አቤቱታ ያረቀቅነው አምስት ሰዎች ነን፣ አምስታችንም ወንዶች። ሒጃብ የለበሰች አንዲት ተማሪ እንኳ አላነበበችውም። ስለዚህ ኮሚቴውን አስፈቅጄ ረቂቁን አስቁሜዋለሁ። የፊታችን ጁምዓ ከሶላት በኋላ በሴቶቹ በር በኩል ይቀመጣል። እናቶችና ልጃገረዶች ያንብቡት፣ ይሰርዙ፣ ይጨምሩ፤ እነሱ ከፈረሙበት በኋላ እኛ እንፈርማለን። ወንድሞች፣ በዚያ ሰዓት በሩን አትዝጉባቸው።