የአይሮፕላን ቲኬትና የመንግሥት እጅ



ለዛሬው ስብሰባ የተሰጠኝ ጥያቄ «መንግሥት እጁን ከኢንዱስትሪ ቢያነሣ ገዢው ሕዝብ ይጠቀማልን?» የሚል ነው። በሐሳብ ብቻ ብንከራከር እስኪነጋ አንጨርሰውም፤ ስለዚህ በዚሁ በምንማርበት አገር፣ በአሜሪካ፣ የሆነውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1938 እስከ 1978 ድረስ ከግዛት ወደ ግዛት የሚበር አይሮፕላን የት እንደሚሄድና ስንት እንደሚያስከፍል የሚወስነው የሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ የተባለው መሥሪያ ቤት ነበር። ቦርዱ በነዚህ 40 ዓመታት ውስጥ አንድ አዲስ ኩባንያ እንኳ በዋናዎቹ መሥመሮች ከነባሮቹ ጎን እንዲሰለፍ አልፈቀደም። ጠባቂው ይጠብቅ የነበረው ማንን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ነገሩን ያጋለጡት ቴክሳስና ካሊፎርኒያ ናቸው። በአንድ ግዛት ውስጥ ብቻ በሚደረግ በረራ ላይ ቦርዱ ሥልጣን ስላልነበረው፣ ከሎስ አንጀለስ ሳንፍራንሲስኮ የሚመላለሰው መንገደኛ በምሥራቁ ዳርቻ ተቀራራቢ ርቀት ከሚጓዘው እጅግ ያነሰ ይከፍል ነበር። አይሮፕላኑ ያው፣ ነዳጁም ያው!

በጥቅምት 1978 ፕሬዚዳንት ካርተር ቁጥጥሩን የሚያነሣውን ሕግ ፈረሙ፤ ቦርዱም በ1984 መጨረሻ ተዘጋ። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ የቦርዱ ሊቀ መንበር የነበሩት የኢኮኖሚ ሊቅ አልፍሬድ ካን ራሳቸው ለዚህ መሟገታቸው ነው። የራሱን ሥልጣን ለመሻር የሚከራከር ሹም በስንት አገር ይገኛል? ከዚያ ወዲህ የኑሮ ውድነቱ ታስቦ ሲሰላ የቲኬት ዋጋ ወርዷል፤ ድሮ በአውቶቡስ ብቻ ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ ይበራል። ይህን መካድ አይቻልም፤ እኛም ተማሪዎች ተጠቅመንበታል።

ነገር ግን ገዢ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኩባንያዎቹ ትናንሽ ከተሞችን ጨርሰው እንዳይተዉ መንግሥት እስከ ዛሬ ድጎማ ይከፍላል። ብራኒፍ በ1982፣ ኢስተርንና ፓን አሜሪካን በ1991 ሥራ ሲያቆሙ እንጀራቸው የተቋረጠባቸው ሠራተኞችም ገዢዎች ነበሩ። የቀሩት ደግሞ ተዋሐዱ፦ ዴልታ ከኖርዝዌስት በ2008፣ ዩናይትድ ከኮንቲኔንታል በ2010፣ አሜሪካን ከዩ ኤስ ኤርዌይስ በ2013። ዛሬ አብዛኛውን የአገር ውስጥ ገበያ የያዙት አራት ኩባንያዎች ናቸው።

እንግዲህ እኔ የምለው፣ ዋጋውን ያወረደው የተወዳዳሪ መግባት ነው፤ የመንግሥት መውጣት በሩን ከፈተ እንጂ ሌላ አላደረገም። መንግሥት ዋጋ መተመኑን መተዉ መልካም ነበር። የኩባንያዎችን ውሕደት አጥብቆ መመርመሩን ሲያላላ ግን፣ ቦርዱ አጥሮት የነበረውን በር ኩባንያዎቹ ራሳቸው መልሰው ያጥሩታል።

በአገራችንም በ2022 ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን በስልክ ገበያ ቆሟል። ለውይይቱ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሁለት ሻጮች ብቻ ባሉበት ገበያ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ምን ዓይነት ጠባቂ ሊሆን ይገባዋል?