አዲሱ አሽከርካሪና የመድን ዐረቦን በፎገራ ሜዳ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ወንዝ ሲሻገር የፎገራ ሜዳ ይቀበለዋል። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ምድሩ እንደ ገበታ የተዘረጋ፣ ግራ ቀኙ የሩዝ ማሳ ነው። በዚሁ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችው ወረታ የመንገድ መገናኛ ስትሆን፣ አንዱ ጎዳና የርብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ጎንደር፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ይወጣል። የሩዝ እርሻ ከተስፋፋና የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች በከተማዋ ከተበራከቱ ወዲህ የጭነቱ እንቅስቃሴ በዝቷል። በአንዱ አስፋልት ላይ ጆንያ የተሸከመ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ እንዲሁም ወደ ውኃ የሚነዳ የከብት መንጋ ይተላለፋሉ። መንጃ ፈቃዱን ትናንት የተቀበለ ወጣት ሥራ የሚጀምረው በዚህ ሁሉ መካከል ነው።

ይህ ወጣት፣ ወይም ስለ እርሱ አባቱ፣ በመድን ድርጅት መስኮት ፊት ሲቆም የሚያቀርበው ጥያቄ «ርካሹ የቱ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መኪናው ራሱ የተገዛው በብድር ወይም በእቁብ ገንዘብ ነውና። ይሁን እንጂ ርካሽነት የሚለካው በሚከፈለው ዐረቦን ብቻ ሳይሆን አደጋ በደረሰ ጊዜ ከቤተሰቡ ኪስ በሚወጣው ገንዘብ ጭምር ነው። ስለዚህ ባለሙያው ዋጋ ከመናገሩ በፊት አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም መኪናውን በእርግጥ የሚነዳው ማን ነው የሚለው ነው።

በሌሎች አገሮች ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። የሦስተኛ ወገን መድንን ከ1930 እ.ኤ.አ. አንሥቶ በሕግ ግዴታ ባደረገችው በእንግሊዝ አገር፣ የ18 ዓመት ጀማሪ አሽከርካሪ የሚጠየቀው ዐረቦን አንዳንድ ጊዜ ከሚነዳት አሮጌ መኪና ዋጋ ይበልጣል። በኢትዮጵያ ግን መድኑ በዋናነት የሚከተለው ተሽከርካሪውን ነው። በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ግዴታ የሆነውና በኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተተካው የሦስተኛ ወገን መድን፣ ዐረቦኑ የሚሰላው በተሽከርካሪው ዓይነትና በሚሰጠው አገልግሎት ነው። የ50 ዓመት ሹፌርም ሆነ ትናንት የተመረቀ ወጣት ቢነዳው ልዩነት የለም። በዚህ በኩል ወጣቱ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል። በዕድሜው ምክንያት ከግዴታው መድን የሚያግደው ዋጋ የለም፤ በአንጻሩም እጅግ ርካሽ ተለጣፊ አለኝ የሚል ደላላ ቢያጋጥመው ሊጠራጠር ይገባዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ተለጣፊው በመስታወቱ ላይ ከተለጠፈ በኋላ፣ ባለመኪናው «መድን ገብቻለሁ» ብሎ ሲያርፍ ነው። የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተመደበው ካሳ ከ5,000 ብር እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ነበር። በሌላ በኩል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መኪናውን ያለ ፈቃድ ሌላ ሰው ቢነዳው እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም፤ ከኃላፊነት የሚድነው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበረ ሲያስረዳ ነው። በመድኑ ጣሪያና በሕጉ ኃላፊነት መካከል ያለው ክፍተት የማን ነው ቢባል የባለቤቱ ነው። ያሽከረከረው ልጅ ሆኖ ሳለ ፍርድ ቤት የሚቆመው አባት ነው። ሽማግሌዎች ገብተው ዕርቅ ቢወርድም እንኳ ለተጎጂው ቤተሰብ የሚቆረጠው ካሳ ከበሬና ከመሬት ገቢ የሚወጣ ይሆናል።

መድን ሳይገቡ መንዳትም ቢሆን ከዚህ አያድንም። ለተጎጂው የመድን ፈንድ ቢከፍልለት፣ ፈንዱ የከፈለውን ከባለቤቱ መልሶ ይጠይቃልና።

ከግዴታው መድን በላይ ያለው ሙሉ ሽፋን በተዋዋዮቹ ስምምነት የሚወሰን ስለሆነ፣ የአሽከርካሪው ማንነት ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። መድን ሰጪው የልምድ ማነስን ቆጥሮ ዐረቦኑን ከፍ ሊያደርግ፣ ወይም አዲስ አሽከርካሪ በያዘው ጊዜ የሚደርሰውን ጉዳት በሚመለከት የባለቤቱን የራስ ድርሻ ሊያሳድግ ይችላል። ይህን ለመሸሽ በየቦታው የሚታየው ዘዴ የታወቀ ነው። መኪናው በአባት ስም ይገባል፤ አሽከርካሪው አባት ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ቁልፉ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በልጁ ኪስ ይውላል። የመድንን ጉዳይ የሚመለከተው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ክፍል ዛሬም በሥራ ላይ ሲሆን፣ መድን ገቢው የሚያውቀውንና ለአደጋው ግምት የሚጠቅመውን ሁሉ እንዲገልጽ በአንቀጽ 667 ያስገድዳል። በአንቀጽ 668 ደግሞ ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተነገረ ነገር ውሉን ፈራሽ ያደርገዋል። ቤተሰቡ ጥቂት መቶ ወይም ጥቂት ሺህ ብር አተረፍሁ ሲል የገዛው ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ነገር ግን ጥፋቱን በቤተሰቡ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። የሞተር መድን ውሎች አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ እንደ መሆናቸው መጠን፣ ከፎገራ ቀበሌ መጥቶ የሚፈርም ገበሬ የፈረመበትን ቃል ያነበበ ነው ተብሎ ሊገመት አይችልም። «ሌላ የሚነዳው አለ?» ብሎ ያልጠየቀ፣ ቅጹን ራሱ ሞልቶ ፊርማ ብቻ የተቀበለ ወኪል፣ የካሳ ጥያቄ በመጣ ጊዜ «አልነገርኸንም» ለማለት የሚያበቃ የሞራል አቋም የለውም። በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ዝምታ የመስኮቱ ዝምታ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የተሽከርካሪና የመለዋወጫ ዋጋ ንሯል፤ ብዙ ውሎች ግን በቀድሞው ግምት እየታደሱ ቀጥለዋል። ለምሳሌ ያህል 800,000 ብር የሚያወጣ መኪና ዐረቦኑ እንዲቀንስ ተብሎ በ400,000 ብር ቢመዘገብና የ100,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ በተመጣጣኝ ስሌት የሚከፈለው 50,000 ብር ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ የራስ ድርሻ ይቀነሳል። ባለመኪናው መኪናው ሙሉ በሙሉ ካልወደመ በቀር ግምቱ አይነካኝም ብሎ የሚያስበው በስሕተት ነው። ይህን ስሌት በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ፎገራ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። በሞተር መድን ውሎች ውስጥ ጎርፍ ከማይሸፈኑ ምክንያቶች ጋር ተዘርዝሮ ሊገኝ ስለሚችል፣ ለወረታ ደንበኛ ይህ መስመር ከቀለም ጭረት ሁሉ ይልቅ ሊነበብለት የሚገባ ነው። ተጨማሪ ዐረቦን ከፍሎ ማካተት ይቻል እንደሆነም መጠየቅ ያሻል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ከተፈጠረው ግጭት ወዲህም ስለ ጦርነትና ስለ ፖለቲካ ሁከት የተጻፈው አንቀጽ እንዲሁ በልዩ ጥንቃቄ መታየት አለበት። በመጨረሻም በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሩዝ በሚሰበሰብበት ወራት፣ ለግል አገልግሎት የተመዘገበ መኪና በኪራይ ጆንያ ሲያመላልስ ይታያል። ሦስት ሰው እንዲጭን የተፈቀደለት ባጃጅም አምስትና ስድስት ሰው ይዞ ይሮጣል። ውሉ የተሰጠበትን አገልግሎት የለወጠ ባለንብረት፣ ዐረቦኑን በወቅቱ ከፍያለሁ ማለቱ አያድነውም።

እንግዲህ በሐቅ የሚቀነስ ዐረቦን አለን ቢባል፣ አለ። የሙሉ ሽፋን ዋጋ ከመድን ሰጪ ወደ መድን ሰጪ ስለሚለያይ ባሕር ዳር ደርሶ ከሁለትና ከሦስት ድርጅት ዋጋ መጠየቅ የሚያዋጣ ነው። ይሁንና ጥያቄው በተመሳሳይ ግምትና በተመሳሳይ የራስ ድርሻ መቅረብ አለበት፤ አለበለዚያ ማወዳደሩ በግና ፍየልን በአንድ ዋጋ እንደ መገመት ነው። የራስ ድርሻን ከፍ ማድረግ ዐረቦኑን ያቀልለታል፤ መጠኑ ግን ቤተሰቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያቀርበው የሚችለውን ገንዘብ ማለፍ የለበትም። በማኅበር የተደራጁ የባጃጅ ባለንብረቶችም በየግላቸው ከሚዋዋሉ ይልቅ በጅምላ ቀርበው ቢደራደሩ የተሻለ ዋጋ ለመጠየቅ ይበቃሉ፤ ይህን ለማስተባበር የማኅበሩ አባላት በየቅርንጫፋቸው ቀዳሚ ቢሆኑ ሥራው ቀላል ነው። ሙሉ ሽፋን ከአቅሙ በላይ ለሆነበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው የራሱ ብረት ሳይሆን የሦስተኛ ወገን ጣሪያውን ከግዴታው በላይ ከፍ የሚያደርግ ተጨማሪ ሽፋን ነው። የተጎዳ ሰው ካሳ ቤተሰቡን ከሚያራቁተው በተነጻጻሪ የተሰበረ መብራት ቢቆይ ይሻላል።

ያለ አደጋ ላለፈ ዓመት የሚሰጠው ቅናሽ የሚመዘገበው በመድን ገቢው ስም ነው። ሦስት ዓመት ያለ እንከን የነዳ ተቀጣሪ ሹፌር የራሱን መኪና በገዛ ጊዜ እንደ ጀማሪ የሚቆጠረው ስለዚህ ነው። ስሙ ከመጀመሪያው በውሉ ላይ በአሽከርካሪነት ተጽፎ ቢሆን፣ የመንጃ ፈቃዱ ቀንም አብሮ ቢሰፍር፣ ቅርንጫፉ ስለ ንጹሕ ታሪኩ ማረጋገጫ ጽፎ ሊሰጠው ይችል ነበር። ደብዳቤውን አዲሱ መድን ሰጪ እንዲቀበለው የሚያስገድድ ነገር ባይኖርም፣ ለድርድር መነሻ ይሆነዋል። ይህ እንዲሆን በማመልከቻው ቅጽ ላይ ለአሽከርካሪው ስምና ለመንጃ ፈቃዱ ቀን የተተወው ቦታ ባዶ ሳይቀር መሞላት አለበት፤ ባለቤቱ ከመፈረሙ በፊትም በአማርኛ ሊነበብለት ይገባል።